የተሰወረውን የውኃ መንገድ ስለ ማወቅ

ታላላቅ ሥራዎች ሁሉ ለዓይን በሚታይ ቦታ የቆሙ አይደሉም። ግንብና ድልድይ ሲያረጅ አላፊ አግዳሚው ይመሰክርበታል፤ የውኃ ቦይና ቧንቧ ግን ከመሬት በታች ተሰውሮ ስለሚኖር፥ ማርጀቱ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ በፈነዳ ዕለት ነው። ቀድሞ ባገለገልንበት አንድ መሥሪያ ቤት ፕላኑ ከመዝገብ ቤት ተፈልጎ ስለማይገኝ፥ ቧንቧ በተሰበረ ቁጥር ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት ከቤታቸው ይጠሩ ነበር። እርሳቸውም በከዘራቸው መሬቱን ነካ አድርገው «እዚህ ላይ ቆፍሩ» ይላሉ። አዛውንቱ ካረፉ በኋላ በከንቱ የሚቆፈረው ጉድጓድ በዛ። ይህን ባሰብን ጊዜ ሁሉ ትዝ የሚለን አንድ የጥንት ሮማዊ ሹም ነው።

ስሙ ሴክስቱስ ዩሊዩስ ፍሮንቲኑስ ይባላል። ቀድሞ የብሪታንያ አገረ ገዥ የነበረ የጦር ሰው ሲሆን፥ ንጉሠ ነገሥቱ ኔርቫ በ97 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሮማን ከተማ የውኃ ሥራ በኃላፊነት ሰጠው። በዚያን ጊዜ ወደ ከተማይቱ የሚገቡት ቦዮች ዘጠኝ ነበሩ። ከእነርሱም የመጀመሪያው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 ዓመት የተሠራ በመሆኑ፥ ፍሮንቲኑስ ሲሾም ዕድሜው ከ400 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ዛሬ ጎብኝዎች የሚያደንቁት በቅስት ላይ የሚያልፈውን ክፍል ነው፤ የቦዮቹ አብዛኛው ርዝመት ግን ከመሬት በታች ተቀብሮ የሚሄድ ነው።

ፍሮንቲኑስ ስለ ሥራው በጻፈው መጽሐፍ እንደሚያስረዳው፥ ሹም ሆኖ ሳለ በበታቾቹ ቃል ብቻ መመራትን እንደ ነውር ቈጠረው። ስለዚህ ሥራውን ራሱ ተማረ። ቦዮቹ የት ላይ ሸለቆ እንደሚሻገሩ፥ የት ላይ ወንዝ እንደሚያቋርጡ፥ በየትኛው ተራራ ጥግ ብዙ ጥበቃ እንደሚያሻቸው የሚያሳይ ሥዕልም አሠራ። ይህም በጠረጴዛው ላይ ሆኖ ነገሩን በቦታው እንደ ቆመ ያህል ለመመልከት ነው።

ቀጥሎ ሒሳቡን መረመረ። በመዝገብ የተጻፈው የውኃ ገቢ 12,755 ኩዊናሪያ ነበር፤ ኩዊናሪያ ማለት ሮማውያን በቧንቧ አፍ ስፋት ውኃን የሚሰፍሩበት ልክ ነው። ለከተማው የታደለው ግን 14,018 ሆኖ ተገኘ። ከገቢው ወጪው በለጠ! ነገሩ ቢያስደንቀው ከየቦዮቹ መነሻ ላይ ቢለካ፥ መዝገቡ ከሚለው በ10,000 ያህል የሚበልጥ ውኃ አገኘ። ልኩ የውኃውን ፍጥነት በሚገባ የማይቈጥር ስለሆነ ስሌቱ ጉድለት እንዳለበት የዛሬ ሊቃውንት ይናገራሉ። ቢሆንም በየመንገዱ ሥር የተቀበሩ የስውር ቧንቧዎች ተገኙ፤ የመንግሥቱን ውኃ በድብቅ ይሸጡ የነበሩትም የውኃ ሠራተኞቹ ራሳቸው ነበሩ። መዝገብ እንዲጠፋና ፕላን እንዳይገኝ የሚመኝ ሰው በየዘመኑ አለ።

ሥዕልን ከእውነተኛው ሥራ ጋር የማመሳከሩ ድካም በዘመናችን ሌላ መሣሪያ አግኝቷል። በ1960 ዓ.ም. ቴዎዶር ሜይማን የተባለ አሜሪካዊ የመጀመሪያውን የሌዘር ብርሃን አፈለቀ። ከዚህ ጥበብ የተገኘው የመለኪያ መሣሪያ በዙሪያው ሁሉ ጨረር እየላከ፥ ጨረሩ ግድግዳውን ነክቶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ በመቍጠር ርቀቱን ያውቃል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ነጥቦችን ሊለካ ይችላል፤ ኮምፒዩተሩም ነጥቦቹን ሰብስቦ የዋሻውን ወይም የግድቡን መልክ እንዳለ ይሠራል። ከዓመታት በኋላ ልኬቱ ተደግሞ ሁለቱ ሲነጻጸሩ፥ የት ላይ እንደ ሰመጠ፥ የት ላይ እንደ ጎበጠ በሚሊሜትር ይታወቃል። ፕላኑ ለጠፋበት አሮጌ ሥራ ይህ ታላቅ በረከት ነው። የሮማን ቦዮች የሚመረምሩ ሰዎችም ይህን መሣሪያ ይዘው ወደ ዋሻዎቹ ወርደዋል።

ነገር ግን የሌዘር ጨረር የሚያየው ገጽን ብቻ ነው። የደፈረሰ ውኃ ያግደዋል፤ ከኮንክሪቱ በስተኋላ ያለውንም አይነግረንም። በካሊፎርኒያ የሚገኘውና በ1968 ዓ.ም. የተፈጸመው የኦሮቪል ግድብ 235 ሜትር ቁመት ያለው፥ በአሜሪካ ከሁሉ የሚበልጥ ግድብ ነው። በ2017 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር የትርፍ ውኃ ማስለቀቂያው ወለል ተገንጥሎ ሥሩ ተቦረቦረ፤ ከታች የሚኖረው 188,000 ያህል ሕዝብም ቤቱን ትቶ እንዲወጣ ታዘዘ። ግድቡ ራሱ አልፈረሰም። በማግሥቱ ዓመት መርማሪዎች ያወጡት ጽሑፍ ግን ያሳዝናል። ወለሉ የተሰነጠቀው ገና ሥራው እንዳለቀ ነበር፤ መጀመሪያ እንግዳ ነገር ነው ተባለ፥ ወዲያውም የተለመደ ነው ተብሎ በየጊዜው ሲጠገን ኖረ። በዓይን መመርመር ብቻ እንደማይበቃ፥ የቀድሞው ፕላንና የሥራው መዝገብ ወጥቶ መታየት እንደሚገባው መርማሪዎቹ ገልጸዋል። ስንጥቁን ያላየ ሰው አልነበረም።

ፍሮንቲኑስ ያሠራቸው ሥዕሎች ጠፍተዋል። መጽሐፉን ግን በሞንቴ ካሲኖ ገዳም መነኮሳት ገልብጠው አቆይተውት ኖሮ፥ ፖጆ ብራቾሊኒ የተባለው ጸሐፊ በ1429 ዓ.ም. አገኘው። ዛሬ የቦዮቹን ፍርስራሽ በሌዘር የሚለኩ ሰዎች፥ ያገኙት ዋሻ የትኛው ቦይ እንደሆነ ለማወቅ ሲፈልጉ የሚገልጡት ይህንኑ መጽሐፍ ነው።