«የት ተማርክ?» ወይስ «ከማን ተማርክ?»

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ያዙና አንብቡት።

ሰሞኑን አምበር አስፋልቱ ዳር ቆሜ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መኪና ስጠብቅ አንዲት እናት መጥተው እጄን ያዙኝ። «መምህር፣ ልጄ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሊሞላ ነው። ስም ያለውን ያስቀድም ወይስ ቅርባችን ያለውን? የእርስዎን ቃል ነው የሚሰማው» አሉኝ። መኪናው መጣ፣ እኔ ግን አልተሳፈርኩም። ለዚህ ጥያቄ ድሮ ቶሎ መልስ እሰጥ ነበር፤ አንድ ጊዜ ቶሎ መልሼ የሰው ልጅ ጎድቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች እንደ አሸን መፈላት በጀመሩበት ጊዜ አንድ ጎበዝ ተማሪ ነበረኝ። ምደባው ሲወጣ ገና ግንባታው ያላለቀ አዲስ ዩኒቨርሲቲ ደረሰው። ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ መጣ። «ይሄ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ነው? ተወው፤ ዓመት ጠብቀህ እንደገና ተፈተን» አልኩት። ሰማኝ። በዚያው ዓመት አባቱ ታመሙ፣ ሞፈር ቀንበሩ እሱ ትከሻ ላይ ወደቀ፣ ፈተናውም በዚያው ቀረ። ዛሬም ሲያገኘኝ ከባጃጁ ወርዶ «ቲቸር» ብሎ ጎንበስ ይልልኛል። ወቅሶኝ አያውቅም። እኔን የሚያመኝም እሱ ነው።

እንግዲህ የታሪክ መምህር ነኝና ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

እኛ ጎጃሞች «ስም ያለው ትምህርት ቤት» የሚለውን ነገር ከማንም በፊት እናውቀዋለን። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ። በቅኔ ዋሸራ፣ ጎንጅ እና ዋድላ እየተባለ ቤት ይለያል፤ አዋቂ ቅኔውን ሰምቶ የማን ቤት እንደሆነ ይናገራል። ድጓ ማስመስከር የፈለገ ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል፣ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አምባ ይሄዳል፣ አቋቋም የፈለገ ጎንደር ይገባል።

ልብ በሉ፣ ሁሉንም በአንድ ስም የጠቀለለ ቦታ አልነበረም። ቤተልሔም በድጓ ስሟ ገነነ እንጂ «ቤተልሔም ተምሬያለሁ» ማለት ቅኔ አዋቂ አያሰኝም። ስሙ የሚጣበቀው በትምህርቱ ላይ ነበር።

ሁለተኛው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ወንዝ የሚሻገረው መምህር ፍለጋ ነው። ሁለት ተማሪዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ «ከማን ተማርክ?» ይባባላሉ። የኔታ ሲያርፉ ወይም ሌላ ደብር ሲሄዱ ጉባኤው ይፈታል፤ ተማሪውም ዳባውን ጠቅልሎ ወደ ሌላ የኔታ ይሄዳል። ጎጆው እዚያው አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑም አለ። ለስሙ ብሎ ባዶ ጎጆ ውስጥ የሚቀመጥ ግን የለም።

የክብር ዶክተር ሐዲስ አለማየሁን እንውሰድ። የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ቀስመው ነው ወደ አዲስ አበባ የዘለቁት። መምህር፣ አርበኛ፣ በጣሊያን የታሰሩ ምርኮኛ፣ ዲፕሎማት፣ ኋላም የትምህርት ሚኒስትር ሆነዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» 1958 ዓ.ም. ሲታተም በውስጡ ያለው የበዛብህ የቅኔ ዓለም ከዚያ የተማሪነት ዘመን የተቀዳ ለመሆኑ ምስክር አያስፈልገውም። ዮፍታሔ ንጉሤም የደብረ ኤልያስ ልጅ ነው፤ ያን ቅኔ ይዞ አዲስ አበባ ገብቶ የቴአትራችን ፋና ወጊ ሆነ።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ግን ሚዛኑ ተለወጠ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። ለረጅም ጊዜ «ዩኒቨርሲቲ ገባ» ማለት «ስድስት ኪሎ ገባ» ማለት ነበር። በሩ አንድ ከሆነ ምን ይመረጣል? ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተሠርቶ በ1955 ዓ.ም. ተከፈተ፣ በ1965 ዓ.ም. የፔዳጎጂ አካዳሚው ተከተለ፤ ሁለቱ ተዋሕደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሆኑት በ1992 ዓ.ም. ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ደብረ ማርቆስም የራሱን አገኘ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። በሮቹ በዙ፤ የእኛ አእምሮ ግን አንድ በር በነበረበት ዘመን ቀረ። ያን ልጅ «ተወው» ያልኩት በዚያ አእምሮ ነው።

ታዲያ ስም ዋጋ የለውም ልል ነው? የለም፣ እሱም ውሸት ይሆናል። ድሮም ቢሆን ቤተልሔም ያስመሰከረ መሪጌታ ደብር ሲቀጠር ይቀድም ነበር። ዛሬም ቀጣሪ ወረቀቱን ሲያገላብጥ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው የተቋሙ ስም ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 ስቴሲ ዴል እና አለን ክሩገር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ያወጡት አንድ ጥናት አለ። ተመሳሳይ ኮሌጆች የተቀበሏቸውን ተማሪዎች እያነጻጸሩ፣ ስመ ጥሩውን ትተው ሌላ የገቡት በኋላ ደመወዛቸው በአማካይ ከሌሎቹ ያን ያህል አላነሰም አሉ። ጉብዝናው የልጁ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ከድሃ ቤተሰብ ለመጡት ስመ ጥሩ ኮሌጅ መግባት ጠቅሞ ነበር። የባለጸጋ ልጅ የሚያውቀው ሰው ሞልቷል፤ የድሃ ልጅ ሰው የሚያውቀው እዚያው ገብቶ ነው ብዬ እኔ እገምታለሁ። አሜሪካ አምበር አይደለችም፣ ግን ይህቺን ነገር ለገበሬ ልጅ መደበቅ ደግሞ ነውር ነው።

በሌላ በኩል ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ። ስድስት ኪሎም ተማረ ደብረ ማርቆስ፣ በአንድ የትምህርት ዘርፍ ፈተናው አንድ ነው፤ ማለፊያውም 50 ነው። ስም እዚያ ወረቀት ላይ አይሞላም።

ለእኚያ እናት ያልኳቸው ይህን ነው። «እትዬ፣ ልጁ መጀመሪያ የሚማረውን ይምረጥ። ከዚያ ያን ትምህርት የት ማን እንደሚያስተምር ይጠይቅ፤ መምህራኑ ክፍል ይገባሉ ወይ? ቤተ ሙከራው ይሠራል ወይስ ተቆልፏል? በዚህ እኩል ከሆኑለት ስም ያለውን ያስቀድም፣ ይጠቅመዋል። ምደባው ሌላ ቦታ ካደረሰው ግን ይሂድ። ስም ብሎ ቤት እንዳይቀር።» በተለይ በዚህ ጊዜ፣ ስንት ልጅ ከትምህርት ገበታ ርቆ በከረመበት አገር፣ በእጅ የገባን ወንበር መጣል ግፍ ነው።

«እንዲያ ከሆነስ የሚጠይቅለት ማን አለኝ?» አሉኝ። እዚህ ላይ መልስ አጣሁ። የቆሎ ተማሪ መንገድ ላይ ተማሪ አግኝቶ «የት ደብር ደህና የኔታ አለ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የእኛ ልጅ ማንን ይጠይቅ?

እናንተን ነዋ! በየዩኒቨርሲቲው የተማራችሁ፣ አሁንም ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፦ የተማራችሁበትን ዲፓርትመንት ከታች ጻፉ። ማን በደንብ ያስተምራል? ምን ይጎድላል? ሳትኩራሩ፣ ሳታማርሩ፣ እውነቱን ብቻ። አንብቤ ለልጁ አደርስለታለሁ።

ባጃጅ የምትነዳው ልጄ፣ ይህን ካነበብክ፣ ይቅርታ። ያኔ ልጠይቅልህ ይገባኝ ነበር።