ከ25 ሙከራ አንድ ምት፦ ዊሊ ሜይስና የደጋፊ ትዕግሥት

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1951 ኒውዮርክ ጃየንትስ የተባለው የቤዝቦል ቡድን አንድ የ20 ዓመት ጥቁር ወጣት ከሚኒያፖሊስ አስጠራ። ስሙ ዊሊ ሜይስ ነው። በታችኛው ሊግ ከ100 ሙከራ 48 ያህሉን ያሳካ ነበር። በቤዝቦል ከአሥር ሦስቱን ያሳካ መቺ ጎበዝ እንደሚባል ልብ በሉ። የሚኒያፖሊስ ደጋፊዎች ልጁ ስለተወሰደባቸው የጃየንትስ ባለቤት ሆራስ ስቶንሃም በከተማዋ ጋዜጣ የይቅርታ ማስታወቂያ አወጣ።

ዋናው ሊግ ሲገባ ግን ዱላው አልታዘዝ አለው። 12 ጊዜ ሞክሮ አንዱም አልተሳካም። ቀጥሎ በታላቁ ወርዋሪ በዋረን ስፓን ላይ ሆም ረን መታ። ተነሳ ሲባል እንደገና ጠፋ። ከ25 ሙከራ በኋላ በእጁ ያለችው ያቺው አንዲት ምት ነበረች።

ጊዜውንም አንርሳ። ጃኪ ሮቢንሰን የዘር አጥሩን ከሰበረ ገና አራት ዓመቱ ነው። ከ16ቱ ቡድኖች የሚበዙት አንድም ጥቁር አሰልፈው አያውቁም። እንዲህ ባለ ዘመን የአንድ ጥቁር ወጣት ውድቀት በእሱ ብቻ አይቆጠርም።

ሜይስ መልበሻ ክፍል ውስጥ አለቀሰ፤ ወደ ታችኛው ሊግ መልሱኝ አለ። አሰልጣኙ ሊዮ ዱሮሸር በግልፍተኝነቱ የታወቀ ሰው ነበር። ያን ቀን ግን አልተቆጣም። እሱ አሰልጣኝ እስከሆነ ድረስ ቦታው የሜይስ እንደሆነ ነገረው። ሸክሙ እንዲቀልለትም በመምቻ ተራ ወደ ስምንተኛ አወረደው።

ልጁ ተነሳ። ዓመቱን በ20 ሆም ረን ጨርሶ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተባለ። በነሐሴ ከብሩክሊን ዶጀርስ በ13 ጨዋታ ርቆ የነበረው ቡድኑም ደረሰበት። ጥቅምት 3 ቦቢ ቶምሰን በታሪካዊው ምት ዋንጫውን ሲወስን ቀጣዩ ተረኛ ሜይስ ነበር። በሕይወቱ 660 ሆም ረን መትቶ እ.ኤ.አ. በ2024 አረፈ።

ዱሮሸር ያደረገው ጭፍን ተስፋ አይደለም። ልጁ በሚኒያፖሊስ በ35 ጨዋታ ያሳየውን በ25 ሙከራ አልሰረዘውም። እኛ ደጋፊዎች የሚጎድለን ይሄ ሚዛን ነው። የሁለት ሳምንት ውጤት አይተን ወጣቱን "አበቃለት" እንላለን፤ ሲነሳ ደግሞ ቀድመን የምናጨበጭበው እኛው ነን። ትዕግሥት ማለት ዝም ብሎ መጠበቅ አይደለም፤ ትናንት ያዩትን ችሎታ ዛሬ ሲጠፋም ማስታወስ ነው።