ክብደት መቀነስና የኮሌስትሮል መጠን

ኮሌስትሮል ሰም መሰል የስብ ዓይነት ሲሆን፣ ለሕዋሳት ግንባታ፣ ለሆርሞኖችና ለሐሞት መሥሪያነት ያገለግላል። አብዛኛውን የሚያመርተው ሰውነት ራሱ ነው። ጉዳት የሚያስከትለው መጠኑ በዝቶ በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ሲከማች ነው። ክምችቱ ለዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳይ ቆይቶ ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። በመሆኑም መጠኑ የሚታወቀው በደም ምርመራ እንጂ በሰውነት ውፍረት ወይም ቅጥነት አይደለም።

የምርመራው ውጤት

ምርመራው በዋናነት ሦስት ነገሮችን ያሳያል። ኤል.ዲ.ኤል የተባለው በደም ሥር ውስጥ የሚከማቸው ሲሆን፣ ለጤናማ ሰው በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ከ100 ሚሊ ግራም በታች ቢሆን ይመረጣል። የልብ ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ ከዚህም ዝቅ ማለት ይኖርበታል። ኤች.ዲ.ኤል ትርፉን ኮሌስትሮል ወደ ጉበት የሚመልስ ሲሆን፣ ለወንዶች ከ40፣ ለሴቶች ከ50 ሚሊ ግራም ማነስ የለበትም። ትራይግሊሰራይድ የተባለው ስብ ከ150 በታች ሊሆን ይገባል።

ክብደት ሲቀንስ

ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለበት ሰው ከክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን ቢቀንስ ለውጥ ያገኛል። ይህም 80 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው ከ4 እስከ 8 ኪሎ ግራም ማለት ነው። በጉልህ የሚቀንሰው ትራይግሊሰራይድ ሲሆን፣ የኤል.ዲ.ኤል ቅናሽ ግን አነስተኛ ነው። ኤች.ዲ.ኤል ደግሞ ክብደት በመቀነስ ላይ ሳለ ለጊዜው ዝቅ ብሎ፣ ክብደቱ ሲረጋጋ ከፍ ይላል። ስለዚህ ክብደቱ ከረጋ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ይበልጥ አስተማማኝ ነው።

በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ግራም መቀነስ በቂ ነው። በጣም ፈጣን የሆነ ቅነሳ በአብዛኛው ከኮሌስትሮል ለሚሠራው የሐሞት ጠጠር ያጋልጣል።

የአመጋገብ ድርሻ

ኤል.ዲ.ኤልን ለመቀነስ ከምግቡ ብዛት ባሻገር የስቡ ዓይነት ወሳኝ ነው። ሲቀዘቅዝ የሚረጋ ስብ ጉበት ኤል.ዲ.ኤልን ከደም የማጽዳት አቅሙን ያዳክማል። በቅቤ ውስጥ ካለው ስብ ሁለት ሦስተኛው፣ ከፓልም ዘይት ደግሞ ግማሹ ያህል የዚህ ዓይነት ስብ ነው። የጾም ምግብ ኮሌስትሮል ባይኖረውም፣ በሚረጋ ዘይት ተትረፍርፎ ከተሠራ ኤል.ዲ.ኤልን ሊጨምር ይችላል። በአንጻሩ የኑግና የሱፍ ዘይት በልኩ ቢተካ ይጠቅማል። ገብስ፣ አጃ፣ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ በውስጣቸው ያለው አሰር ኮሌስትሮልን ከአንጀት ይዞ በመውጣት ያግዛል።

የዓለም የጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ለዚህ ይበቃል።

መድኃኒትና ጥንቃቄ

ከ300 ሰዎች አንዱ ገደማ ከፍተኛ ኤል.ዲ.ኤልን ከወላጆቹ ይወርሳል። እንዲህ ያለው ሰው ቀጭን ቢሆንም እንኳ ለአደጋ የተጋለጠ በመሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስታቲን የተባለው መድኃኒት ያስፈልገዋል። በቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነት ዕድሜው በልብ ሕመም የተጠቃ ዘመድ ያለው ሁሉ መመርመር ይኖርበታል። መድኃኒት የታዘዘለት ሰውም ክብደቱ ስለቀነሰ ብቻ በራሱ ውሳኔ ማቋረጥ የለበትም፤ በድጋሚ ተመርምሮ ከሐኪሙ ጋር ሊመካከር ይገባል።