ስም የወጣለት ገበታ፦ ከ«ቬጂቴሪያን» እስከ «የጾም»

በዋሽንግተንም ሆነ በለንደን፣ በስቶክሆልምም ሆነ በዱባይ የሚከፈት የኢትዮጵያ ምግብ ቤት የምግብ ዝርዝሩን ሲያዘጋጅ አንድ ትንሽ የትርጉም ውሳኔ ያጋጥመዋል። በአማርኛው «የጾም በያይነቱ» የሚለው በውጭው ቋንቋ ምን ይባል? ብዙውን ጊዜ መልሱ «ቪጋን» ይሆናል። በሳህኑ ላይ ያለው ምስር፣ ሽሮና ጎመን አልተለወጠም፤ የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የስም ለውጥ ቀላል ነገር አይደለም። ይህ ጽሑፍ ያ ስምና መሰሎቹ ከየት እንደ መጡ፣ ምን ሥራ እንዲሠሩ እንደ ተፈጠሩ፣ በእኛ ቃል ቦታ ሲቆሙም ምን እንደሚያተርፉልንና ምን እንደሚያጎድሉብን ይመረምራል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከታሪኩ የሚገኘውን ድምዳሜ አስቀድሞ መናገር ይቻላል። ለአመጋገብ የወጣ ስም የሚጸናው ቃሉ ስላማረ ሳይሆን ከኋላው የቆመ ተቋም ስላለው ነው። ተቋም ያለው ስም ከምግብ ዝርዝር ተነሥቶ እስከ ፍርድ ቤት ይደርሳል፤ ተቋም የሌለው ግን የገበያ ምልክት ሆኖ ይቀራል።

ምግብን ወደ ወገን የለወጠ ቅጥያ

ሥጋ አለመብላት ጥንታዊ ልማድ ነው፤ ስሙ ግን የቅርብ ጊዜ ነው። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በእንግሊዝኛ ሥጋ የማይቀምሰው ሰው አመጋገብ አብዛኛውን ጊዜ «የፓይታጎራስ አመጋገብ» ይባል ነበር። ስሙ የተወሰደው ተከታዮቹን ከሥጋ ከልክሏል ተብሎ ከሚነገርለት ከጥንታዊው የግሪክ ፈላስፋ ነው። በዚያ ዘመን ልማዱ በአንድ መምህር ስም ይጠራ ነበር እንጂ ራሱን የቻለ መጠሪያ አልነበረውም።

መጠሪያው የመጣው ከእንግሊዝ የሃይማኖትና የተሐድሶ ክበቦች ነው። በ1809 ዊልያም ካውኸርድ በሳልፎርድ የመሠረተው የክርስቲያኖች ጉባኤ አባላቱ ከሥጋና ከአልኮል እንዲርቁ ያስተምር ነበር። በለንደን አቅራቢያ በሃም ደግሞ በእህልና በአትክልት ብቻ የሚኖር የትምህርት ቤት ማኅበረሰብ ነበር፤ «ቬጂቴሪያን» የሚለው ቃል በ1842 ከዚሁ ክበብ በወጣ መጽሔት ላይ ታትሞ ይገኛል። መስከረም 30 ቀን 1847 የሁለቱ ወገኖች ሰዎች በራምስጌት ከተማ ተሰብስበው የቬጂቴሪያን ማኅበርን መሠረቱ። ስብሰባውን የመሩት የሳልፎርድ የፓርላማ ተወካይ የነበሩት ጆሴፍ ብራዘርተን ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጄምስ ሲምፕሰን ሆኑ።

የቃሉ አፈጣጠር ልብ ሊባል ይገባዋል። የማኅበሩ ሰዎች ቃሉ «ብርቱ፣ ንቁ» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል የመጣ ነው ይሉ ነበር፤ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ግን አትክልት ከሚለው ተራ የእንግሊዝኛ ቃልና ከአንድ ቅጥያ የተሠራ ነው ይላሉ። ያ ቅጥያ «ዩኒቴሪያን» በሚለው የሃይማኖት ወገን መጠሪያ መጨረሻ ላይ ያለው ነው። ስለዚህ ቃሉ «አትክልት ይበላል» ከማለት አልፎ «ከአትክልት በሊታዎች ወገን ነው» ይላል። የሚበላው ነገር የሰውየው ማንነት ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጡት የአመጋገብ ስሞች አብዛኞቹ ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል።

ስሙና ተቋሙ አንድ ላይ ምን እንደሚሠሩ የመሐንዳስ ጋንዲ ወጣትነት ያሳያል። ጋንዲ በ1888 ገና 19 ዓመት ሳይሞላው ሕግ ለመማር ለንደን ሲገባ ሥጋ እንደማይበላ በእናቱ ፊት ስእለት ገብቶ ነበር። ሥጋ አለመብላት የቤተሰቡ የሃይማኖት ልማድ ስለ ነበር የተለየ ስም አላስፈለገውም። በለንደን ግን የሄንሪ ሶልትን ጽሑፍ አንብቦ ልማዱን በራሱ እምነት መረጠው፤ የለንደን ቬጂቴሪያን ማኅበር የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባል ሆነ፤ በ1891ም የመጀመሪያ ጽሑፎቹን በማኅበሩ ሰዎች ጋዜጣ ላይ አሳተመ። ከአገሩ ይዞት የመጣው ማዕድ በባዕድ አገር ስም ሲያገኝ፣ ከስሙ ጋር መድረክና የአደረጃጀት ትምህርት አገኘ።

የ1944 ክርክርና የተቆረጠው ቃል

ቬጂቴሪያን የሚለው ስም አንድ ጥያቄ ሳይመልስ አለፈ፦ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሚበላ ሰው ከወገኑ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ክርክሩ ለአሥርት ዓመታት ቆየ። በ1944 ከእንስሳት ተዋጽኦ ሁሉ የሚርቁ አባላት በማኅበሩ መጽሔት ውስጥ የራሳቸው ቦታ እንዲሰጣቸው ጠይቀው አልተፈቀደላቸውም። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በሌስተር ከተማ የእንጨት ሥራ መምህር የነበረው ዶናልድ ዋትሰን ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆኖ የራሳቸውን ጋዜጣ ጀመረ።

ጋዜጣው ስም አስፈለገው። «ዳይሪባን»፣ «ቪታን»፣ «ቤነቮር»፣ «ሳኒቮር» የሚሉ አማራጮች ቀርበው ነበር። የተመረጠው ግን «ቬጂቴሪያን» ከሚለው ቃል የመጀመሪያዎቹን ሦስትና የመጨረሻዎቹን ሁለት ፊደላት ወስዶ የተሠራው «ቪጋን» ነበር። በፈጣሪዎቹ ዘንድ ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ቬጂቴሪያንነት ከጀመረበት ተነሥቶ ወደ ፍጻሜው የሚደርስ ስም ፈለጉ።

ከአማራጮቹ መካከል አንዱ እንኳ ዛሬ በሰው አፍ የለም። «ቪጋን» የኖረው አጭር ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። ከቃሉ ጋር ማኅበር ተወለደ፤ ማኅበሩም በ1951 የቃሉን ትርጉም በጽሑፍ ወሰነ። ትርጉሙ ከምግብ አልፎ ሰው እንስሳትን ሳይበዘብዝ መኖር አለበት የሚል መርሕ ሆነ። ቆዳ፣ ሱፍና ሐርም በዚህ ውስጥ ገቡ። ይህ ነጥብ ወደ እኛ ቃል ስንመለስ ያስፈልገናል።

የገበያ ቃላትና የሕግ ቃላት

ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የአመጋገብ ስሞች ፋሽን ሆኑ። አብዛኛውን ጊዜ አትክልት እየበላ አልፎ አልፎ ሥጋ የሚቀምሰውን ሰው የሚጠራው «ፍሌክሲቴሪያን» በ1990ዎቹ በአሜሪካ ብቅ ብሎ፣ የአሜሪካ የዘዬ ጥናት ማኅበር ለ2003 እጅግ ጠቃሚው ቃል ሲል መረጠው። በአካባቢው የተመረተውን ብቻ ለመብላት የሚጥረውን ሰው የሚጠራውን «ሎካቮር» ጄሲካ ፕሬንቲስ በ2005 በሳን ፍራንሲስኮ ፈጠረችው፤ በ2007 የኒው ኦክስፎርድ አሜሪካን መዝገበ ቃላት የዓመቱ ቃል ሆነ። ዓሣ እንጂ ሌላ ሥጋ የማይበላው «ፔስካቴሪያን» ተባለ፤ የተጣለ ምግብ ለቅሞ የሚበላው ደግሞ «ፍሪጋን»።

እነዚህ ቃላት ሥራ የላቸውም ማለት አይደለም። ሻጭ ገዢውን ይለይባቸዋል፣ ተመራማሪ ሰዎችን ይመድብባቸዋል፣ ተጋባዥም ለጋባዡ ራሱን በአንድ ቃል ይገልጽባቸዋል። ነገር ግን «ፍሌክሲቴሪያን ነኝ» ብሎ መብት የሚጠይቅ ሰው የሚቆምበት መሬት የለውም፤ ቃሉ ምርጫን እንጂ ግዴታን አይገልጽምና።

የ«ቪጋን» ጉዞ ግን ሌላ ነው። በ2011 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የምግብ መረጃ ደንብ አንድ ምግብ ለቬጂቴሪያኖች ወይም ለቪጋኖች ተስማሚ ስለ መሆኑ አምራቾች በፈቃዳቸው የሚሰጡት መረጃ ሥርዓት እንዲወጣለት አዝዟል። በጥር 2020 ደግሞ በእንግሊዝ አንድ የሥራ ክርክር ችሎት፣ ከሥነ ምግባር እምነት የመነጨ ቪጋንነት በ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ጥበቃ የሚደረግለት ፍልስፍናዊ እምነት ነው ሲል ወሰነ። ውሳኔው የመጀመሪያ ደረጃ ችሎት ውሳኔ በመሆኑ ሌሎች ችሎቶችን አያስገድድም፤ ቢሆንም ከአንድ አነስተኛ ጋዜጣ የተነሣ ቃል በ75 ዓመት ውስጥ የት እንደ ደረሰ ያሳያል።

ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ግን ይህ ብቻ አይደለም። «ኮሸር» እና «ሐላል» በአዲስ ቃል ሳይተኩ፣ እንዳሉ ወደ ዓለም ቋንቋዎች ገብተዋል። በአሜሪካ የኦርቶዶክስ አይሁድ ኅብረት በ1923 የሃይንዝ ኩባንያን የታሸጉ ምግቦች መርምሮ ምልክቱን ሰጠ፤ ከዚያ በኋላ ገዢው የቃሉን ትርጉም ባያውቅ እንኳ ምልክቱን ያምናል። የሐላል ማረጋገጫም በዚሁ ዓይነት መንገድ ሄዷል። ሁለቱም ማኅበረሰቦች ለአስተናጋጁ እንዲመች ብለው ስማቸውን አልለወጡም፤ ከስሙ ኋላ መርማሪ፣ መዝገብና ማኅተም አቆሙ እንጂ።

ቀንን የሚቆጥር ቃል

አሁን ወደ አማርኛው እንመለስ። የእኛ ዋና ክፍፍል «ጾም» እና «ፍስክ» ነው። ሁለቱም ቃላት በመጀመሪያ የሚሰይሙት ጊዜን ነው። ምግቡ «የጾም» የሚባለው ለዚያ ቀን ስለሚገባ ነው፤ ሰውየውም «ጾመኛ» የሚባለው ጾሙ እስኪፈታ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ ፍስክ ናቸው። ሁለት ወር ቀደም ብሎ የተከለከለው ቅቤ በዚያው ረቡዕ ይፈቀዳል፤ የተለወጠው ዘመኑ እንጂ የሰውየው ማንነት አይደለም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ አያበቃም። ጾም ምን እንደሚበላ ብቻ ሳይሆን ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚበላም ይወስናል። ብቻውን የቆመ የምግብ ሥርዓትም አይደለም፤ ከጸሎትና ከምጽዋት ጋር የተያያዘ ነው። ደግሞም የሚገሥጸው የጾመኛውን ፈቃድ ነው እንጂ ሰው ከእንስሳት ጋር ስላለው ግንኙነት የሚያውጀው አዋጅ የለም። ስለዚህ ጾመኛው ከፍየል ቆዳ በተዘጋጀ ብራና ላይ የተጻፈ ዳዊት ሲደግም ምንም ተቃርኖ የለበትም። በ1951ዱ ትርጉም የሚኖር ቪጋን ግን ያንን ብራና በጥያቄ ይመለከተዋል። ሳህናቸው አንድ ቢሆንም መንገዳቸው የተለያየ ነው።

ታዲያ «ቪጋን» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው ማለት ነው? በምግብ ቤት ዝርዝር ላይ አይደለም። ቃሉ ወተትና ቅቤ እንደሌለበት ለማያውቀን ደንበኛ በአጭሩ ይነግረዋል፤ ለባለቤቱም ገበያ ያመጣለታል። በዚህ ረገድ የዋትሰን ቃል ውለታ ውሎልናል።

ጉዳቱ የሚመጣው ቃሉ ከዝርዝሩ ወጥቶ ወደ ቅጽ ሲሻገር ነው፤ በትምህርት ቤት፣ በሆስፒታል፣ በአረጋውያን መኖሪያ፣ በማረሚያ ቤት። «ቪጋን» በሚለው ሣጥን ላይ ምልክት ያደረገ ወላጅ ሦስት ነገሮችን ሳያውቅ ይተዋል። አንደኛ፣ ቀኑን ይተዋል፤ ትምህርት ቤቱ 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት መቼ ጀምረው መቼ እንደሚያበቁ ከሣጥኑ ሊያውቅ አይችልም፤ በፋሲካ ማግሥት እንቁላል የሚበላው ልጅም ቃሉን እንዳጠፈ ይቆጠርበታል። ሁለተኛ፣ ሰዓቱን ይተዋል፤ ተቋሙ ምሳውን በሰዓቱ አቅርቦ ግዴታውን እንደ ተወጣ ያስባል። ሦስተኛ፣ የሕግ መሠረቱን ይተዋል። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2010 በያኩብስኪና በፖላንድ ጉዳይ፣ ለቡድሂስት እስረኛ ሥጋ የሌለበት ምግብ መከልከል የሃይማኖት ነፃነትን የሚጠብቀውን 9ኛውን አንቀጽ ይጥሳል ሲል ፈርዷል። እስረኛው ያሸነፈው አመጋገቡ ከሃይማኖቱ የመጣ መሆኑን በማስረዳቱ ነው። ጾምን የኑሮ ምርጫ አስመስሎ የሚጽፍ ሰው ይህን መሬት በገዛ እጁ ይለቃል።

ለዚህ መፍትሔው አዲስ ቃል መፍጠር አይደለም፤ ቃሉማ አለን፣ ከነመጽሐፉና ከነአቆጣጠሩ። የጎደለው ከኋላው የሚቆመው የውጭ አገር ተቋም ነው። በየአህጉሩ ያሉ አብያተ ክርስቲያናትና የማኅበረሰብ ድርጅቶች የዓመቱን የጾም ቀናት በየአገሩ ቋንቋና አቆጣጠር በአንድ ገጽ አዘጋጅተው ለትምህርት ቢሮዎችና ለሆስፒታሎች ቢልኩ፣ የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን ለይተው ቢጽፉ፣ ዓሣን በመሰለ ምእመናን በተግባር በሚለያዩበት ጉዳይ ላይም ቁርጥ ያለ መልስ ቢሰጡ፣ ወጪው ጥቂት ነው። የራምስጌቱ ስብሰባ የጀመረው ከዚህ ባነሰ ነገር ነበር። እስከዚያው ግን ማንኛውም ወላጅ «ሌላ» በሚለው ክፍት መስመር ላይ «የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ጾም» ብሎ ከነቀናቱ ሊጽፍ ይችላል። በአንድ ትምህርት ቤት አሥር ቤተሰብ እንዲህ ከጻፈ በሚቀጥለው ዓመት ቅጽ ላይ ሌላ ሣጥን መጨመሩን የሚያስብ ሠራተኛ አይጠፋም።