አንዱ እዚህ ተማረኩ፣ ሌላው እዚህ ተወለደ፦ የቡናው አገርና የፍቅር ልብ ወለዶቻችን

ጅማም ይሁን አጋሮ፣ በደሌም ይሁን መቱ፣ ማታ ማታ ስልኩን ይዞ የፍቅር ታሪክ የሚጽፍ ወጣት አይጠፋም። «ክፍል 14 ነገ ማታ ይቀጥላል» ብሎ ይለቃል፤ አንባቢው ከስር «ኧረ ቶሎ በሉ!» እያለ ይጨቀጭቃል። አሳታሚ የለውም፣ አርታኢ የለውም፣ ክፍያም የለውም። ቀን ቀን ሌላ ሥራ አለው፤ አንዱ ያስተምራል፣ አንዷ ሱቅ ትሸጣለች፣ ሌላው ቡና መጋዘን ውስጥ ይውላል። ቤተሰብ ደግሞ «ይሄ የፍቅር ወሬ እንጀራ ይሆንሃል ወይ?» ይላል።

ለነዚህ ልጆች አንድ የታሪክ ነገር ልንገራቸው ብዬ ነው ዛሬ የምጽፈው። ትልልቆቹን የአማርኛ ልብ ወለዶች የጻፉልን ሰዎችም ቀን ቀን ሌላ ሥራ ነበራቸው። ከመካከላቸው የሁለቱ ሕይወት ደግሞ ከዚሁ ከቡናው አገር ጋር ይገናኛል። አንዱ እዚህ ተማረኩ፣ ሌላው እዚህ ተወለደ።

ከተማረኩት እንጀምር።

ከጅማ ወደ ቦንጋ ስትሄዱ የጎጀብን ወንዝ ትሻገራላችሁ። አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ከወደቀች ከ7 ወር በኋላ፣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም.፣ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ እጃቸውን የሰጡት በዚሁ በጎጀብ አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት ጎሬን ይዘው የአገሪቱን መንግሥት በስም እንኳ ለማቆየት ሲታገሉ ቆይተዋል። አብረዋቸው ከነበሩት ሰዎች አንዱ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ ከጎጃም የመጡ ወጣት ናቸው። ስማቸው ሐዲስ ዓለማየሁ።

ጣሊያኖች ወደ አገራቸው ወስደው ፖንዛ፣ በኋላም ሊፓሪ በሚባሉ ደሴቶች አሰሯቸው። እስከ 1943 እ.ኤ.አ. ድረስ አልተፈቱም። ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወታቸው የቢሮ ሕይወት ነው፤ ዲፕሎማት፣ ሚኒስትር፣ አምባሳደር። «ፍቅር እስከ መቃብር» የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። ልብ በሉ፣ ያኔ ሐዲስ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። ከጎጀቡ ምርኮ እስከ መጽሐፉ ድረስ ወደ 30 ዓመት ገደማ ነው!

ነገሩ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ግን እዚያ ፍቅር ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ አሉ፣ ጉዱ ካሣ አለ፣ ባላባትና ገበሬ አለ። አንድ የንጉሡ ሹም በአደባባይ ቆሞ «ይህ ሥርዓት ሰው እየበላ ነው» ቢል ምን ሊደርስበት እንደሚችል አስቡት። በፍቅር ታሪክ ውስጥ ግን ተባለ። ኋላ ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለውም ሰው ሰማው። እና «የፍቅር ወሬ» ቀላል ነገር ነው የሚላችሁ ሰው ካለ፣ ይህን ታሪክ ንገሩት።

አሁን ወደ ተወለደው እንምጣ።

የኢሉባቡር ቡና ድሮ መውጫው በአዲስ አበባ በኩል ብቻ አልነበረም። ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ይወርድና፣ ክረምት ላይ ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። ንግድ ባለበት ደግሞ ነጋዴ ይከተላል። ግሪኩም፣ ዓረቡም፣ ህንዱም ወደዚህ አካባቢ መጣ። በጣሊያን ዘመን ሱጴ ውስጥ ከህንዳዊ ነጋዴ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት አንድ ልጅ ተወለደ። በዓሉ ግርማ።

ልጁ አዲስ አበባ ሄዶ ተማረ፤ ጄኔራል ዊንጌት ገባ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ አሜሪካ ሄዶ ጋዜጠኝነት አጠና። ተመልሶ የ«መነን» መጽሔትና የ«አዲስ ዘመን» አዘጋጅ ሆነ፤ በደርግ ጊዜ ደግሞ ማስታወቂያ ሚኒስቴር ውስጥ ከፍተኛ ሹም። የቀን ሥራው ይህ ነው፤ የመንግሥትን ቃል ማዘጋጀት። የራሱን ቃል የሚጽፈው ከዚህ በተረፈው ጊዜ ነው። እንዲህ እያለ ከ1962 እስከ 1975 ዓ.ም. 6 ልብ ወለድ አወጣ።

የመጀመሪያው «ከአድማስ ባሻገር» ነው። በመንግሥት ሥራና በሥዕል መካከል፣ ደግሞም በፍቅር የተወጠረው የአበራ ወርቁ ታሪክ። ደመወዝ ወይስ ጥበብ? ጥያቄው የአበራ ብቻ ሳይሆን የደራሲውም ይመስለኛል። በ1972 ዓ.ም. «ደራሲው»ን ጻፈ፤ ርዕሱ እንደሚለው የአንድ ጸሐፊ ሕይወት ነው። የዋናው ገጸ ባሕርይ የሲራክ መነሻ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር እንደሆነ ብዙ ተብሏል። በዓሉ የሚያውቀውን ሰው፣ የሚያውቀውን ቦታ ይዞ ነው የሚጽፈው። ጋዜጠኛ ነዋ!

ለኛ ለቡና አገር ሰዎች ግን ትልቁ ነገር ሌላ ነው። በ1966 ዓ.ም. «የህሊና ደወል»ን አወጣ። ታሪኩ የሚሄደው ወደ ትውልድ አገሩ፣ ወደ ኢሉባቡር ነው፤ ሐዲስ ሳህሌ የሚባል ወጣት አስተማሪ። መጽሐፉ ታትሟል፣ ተነቧል፣ ሌላ ሰው ቢሆን «አለቀ» ብሎ ይተወው ነበር። በዓሉ ግን ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ ተመልሶ እንደገና ጻፈውና በገጸ ባሕርይው ስም «ሐዲስ» ብሎ አወጣው። የስድስት መጽሐፍ ደራሲ፣ ከፍተኛ ባለሥልጣን፣ የታተመ ሥራውን አፍርሶ ይሠራል። ቡና ተክሎ በዓመቱ የለቀመ ሰው አይታችኋል?

ከዚያ «ኦሮማይ» መጣ። በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሲጀመር በዓሉ ለሥራ አስመራ ነበር። የመንግሥት ጋዜጠኛ ሆኖ ሄደ፣ ልብ ወለድ ይዞ ተመለሰ። ጋዜጠኛው ፀጋዬ እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ ሄዶ አስመራ ላይ ፊያሜታን ያፈቅራል። በዚህ ፍቅር ዙሪያ የጦርነቱ ገመና፣ የባለሥልጣናቱ ባሕርይ አንድ በአንድ ይወጣል። ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በ1975 አሳተመው። ብዙም ሳይቆይ ከመደብር ተሰበሰበ፤ በዓሉም ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መቃብሩ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ሁለት ልጅነቱ፣ ማለትም ቀን የመንግሥት፣ ማታ የራሱ መሆኑ፣ እስከዚያች ቀን ድረስ ነው ያስኬደው።

መጽሐፉ ግን አልሞተም። ሰዎች ደብቀው አስቀመጡት፣ በእጅ እየገለበጡ አነበቡት፣ እየተዋዋሱ አቆዩት። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጣ። መንግሥት የሰበሰበውን መጽሐፍ አንባቢ አዳነው።

ወደ ክፍል 14 ልመለስና ላብቃ። አሳታሚ አጣን፣ ቀን ሌላ ሥራ እንሠራለን ብላችሁ አትፈሩ፤ ከናንተ በፊት የነበሩትም ሥራ ይዘው ነው የጻፉት። ጊዜ መውሰዱም አያሳፍርም፤ ሐዲስ ዓለማየሁን አስታውሱ። በአማርኛም ጻፉት በአፋን ኦሮሞ፣ አጋሮንና መቱን አስገቡበት፤ ሁሉም ፍቅር ቦሌ ካፌ ውስጥ የሚጀመር አይደለም። የለቀቃችሁትንም ተመልሳችሁ አንብቡት፣ አርሙት።

አንድ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል። «ኦሮማይ» ወረቀት ስለነበረ ተደብቆ ተረፈ። የናንተ ግን ቴሌግራም ላይ ነው፤ አካውንቱ የተዘጋ ወይም ስልኩ የተሰረቀ ቀን ከክፍል 1 ጀምሮ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አትሙት፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳችሁም ቢሆን። አንድ ቅጂ ለጓደኛ፣ አንድ ቅጂ በከተማችሁ ቤተ መጻሕፍት ካለ ለዚያ ስጡ። አንባቢ ማዳን የሚችለው እጁ የገባውን ብቻ ነው።

በአካባቢያችሁ እንዲህ የሚጽፍ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ይህን ላኩለት።