የሰማዩ ፎቶግራፍ ለማን ይመሰክራል?

እ.ኤ.አ. በ1940 በእንግሊዝ ሰማይ ላይ ስለተደረገው የአየር ውጊያ ሲነሣ በዓይናችን የሚመጣው ጥርት ያለ ባለ ቀለም ምስል ነው፤ ሜሰርሽሚቱ ከደመና በላይ ጋደል ብሎ፣ የአብራሪው ፊት እስኪለይ ቀርቦ። እስቲ እንጠይቅ፤ በዚያ እሳት መካከል ጎን ለጎን እየበረረ ይህን ያነሣው ማን ነው? ከተዋጊዎቹ የተገኘው እውነተኛ ምስል ከመትረየስ ጋር ከምትሠራ ትንሽ ካሜራ የወጣ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ብዥ ያለ፣ የጥቂት ሰኮንድ ነው።

ጥርት ያለው የተወለደው ከ28 ዓመት በኋላ ነው። ጋይ ሃሚልተን ስለዚሁ ውጊያ ፊልም ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1968፣ የስፔንን አየር ኃይል ደጅ ጠና። ስፔን ሄይንክልና ሜሰርሽሚትን በራሷ ፋብሪካ ትሠራ ስለነበር ገና የሚበሩ ነበሯት። ጉዱ ያለው ሞተሩ ላይ ነው። የጀርመን ሞተር ቢቋረጥባት በ1950ዎቹ የእንግሊዙን የሮልስ ሮይስ መርሊን ገጠመችላቸው። መርሊን ደግሞ ያው የስፒትፋየሩ ሞተር! እንግዲህ በፊልሙ ውስጥ አሳዳጁም ተሳዳጁም የሚያገሳው በአንድ ጉሮሮ ነው። የሚጠራጠር የሜሰርሽሚቱን አፍንጫ ይመልከት፤ የጀርመኑ ሞተር ተገልብጦ የሚገጠም ስለሆነ የጭስ መውጫዎቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ የስፔኑ ግን ከፍ ብለው ይታያሉ፣ አገጩም ያበጠ ነው።

ካሜራው የተጫነበትም አይሮፕላን የዋዛ አልነበረም፤ ቢ-25 የተባለው፣ ዓይነቱ እ.ኤ.አ. በ1942 ቶኪዮን የደበደበ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ ነው። የቦምብ አነጣጣሪው አፍንጫና የኋላ ተኳሹ ቦታ ለካሜራ ተለቀቀ። ሌሎቹ አብራሪዎች በግርግሩ መካከል እንዲለዩትም በደማቅ ቀለማት ተዥጎረጎረ። ሥራው መቼም ቀላል አይደለም። ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው የካሜራውን መዝጊያ ካፈጠነ ፕሮፔለሩ ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል፣ አይሮፕላኑም በክር የተንጠለጠለ መጫወቻ ይሆናል፤ ካዘገየው ደግሞ የሞተሩ መንቀጥቀጥ ምስሉን ያበላሸዋል። ስለዚህ ሁለቱ አይሮፕላኖች ፍጥነት አስተካክለው፣ ተጠጋግተው መብረር አለባቸው።

እነዚህን ምስሎች «ውሸት» ብለው የሚጥሉ ጓደኞች አሉን። እኛ አንስማማም። ለ1940 ማስረጃ አይሆኑም፤ ለ1968 ግን ናቸው። በ1940 ተፋላሚ የነበሩት ጀርመናዊው አዶልፍ ጋላንድና እንግሊዛዊው ስታንፎርድ ታክ ለአንድ ፊልም አማካሪ ሆነው መሥራታቸው ራሱ ታሪክ አይደለም እንዴ?

ከአየር ላይ ከቀረጹት አንዱ ስኪትስ ኬሊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 «ዜፔሊን» ለተባለ ሌላ ፊልም አየርላንድ ውስጥ ከሄሊኮፕተር ሆኖ ሲቀርጽ፣ ሄሊኮፕተሩ ከሚቀርጸው አይሮፕላን ጋር ተጋጨና ሞተ። አይሮፕላኑ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አምሳያ ነበር።