ሀ ቁጥሩን እስኪያገኝ

እስቲ ስልካችሁ ላይ «ሰላም» ብላችሁ ጻፉ። ሦስት ፊደል ነው፤ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። እናንተ የምታዩት ፊደሉን ነው፤ ስልኩ ግን ፊደል የሚባል ነገር አያውቅም። እሱ የያዘው ሦስት ቁጥር ነው፦ 4656፣ 4619፣ 4637። መልእክቱ ሲላክ የሚጓዘውም ይኸው ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ያለው ጓደኛችሁም፣ ቴል አቪቭ ያለችው አክስታችሁም፣ ዱባይ ያለችው እህታችሁም የሚደርሳቸው ያው ነው። የሁሉም ስልክ 4656ን «ሰ» ብሎ ያነበዋል። ሌላ ንባብ የለውም።

ነገሩ ተራ ይመስላል። እኔ ግን የአማርኛ ጦማር ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው እላለሁ። ስለ ጦማር ታሪክ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ጸሐፊዎቹ ነው፤ ማን ደፈረ፣ ማን ታሰረ፣ ማን ተሰደደ። ተገቢ ነው። ነገር ግን ከጸሐፊው በፊት ፊደሉ ራሱ መሻገር ነበረበት። የተሻገረበትን መንገድ ካላወቅን ደግሞ ከመሻገሩ በፊት የተጻፈው ለምን ከእጃችን እየወጣ እንደሆነ አይገባንም። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ኤሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወንበሩ 256፣ እንግዳው ከዚያ በላይ

ኮምፒውተር አፉን የፈታው በእንግሊዝኛ ነው። በ1963 አሜሪካ ውስጥ የወጣው «አስኪ» የተባለው የፊደል ሰሌዳ 128 ቦታ ብቻ ነበረው፤ በኋላ የመጡት ሰሌዳዎች ወደ 256 አሰፉት። የእኛን ፊደል ደግሞ ቁጠሩት። 33 በ7 ሲባዛ 231። በዚያ ላይ እነ ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ሏ እና ሟ አሉ። አራት ነጥቡ፣ ድርብ ሰረዙ፣ ነጠላ ሰረዙ አለ። እነ ፩፣ ፪፣ ፫ም ቦታቸውን ይፈልጋሉ። ግማሹን ወንበር እንግሊዝኛ አስቀድሞ እንደያዘው አትርሱ።

ይህ ጣጣ ከኮምፒውተር በፊትም ነበር። የጽሕፈት መኪና ቁልፎቹ ጥቂት ናቸው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ የገጠማቸው ይኸው ነው፤ መፍትሔው ግንዱን መጀመሪያ መትቶ ቅጥሉን ቀጥሎ መለጠፍ ሆነ። በድሮ የቢሮ ደብዳቤ ላይ እግሩ ከገላው ራቅ ብሎ የቆመ ፊደል ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

በ1980ዎቹ አሜሪካ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን፣ ከእነሱም መካከል ዶክተር አበራ ሞላ እና አቶ ፍስሐ አጥላው፣ ፊደሉን ኮምፒውተር ላይ የሚያስቀምጡ ሶፍትዌሮች ሠሩ። ቀጥለው ደግሞ እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ መጡ። አንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደሉን ሁለትና ሦስት ፎንት ላይ ከፋፍሎ አስቀመጠው፤ አንዳንዱ እንደ ጽሕፈት መኪናው በቁርጥራጭ ገጣጠመው። ሁሉም ግን አንድ ብልሃት ይጋራሉ፤ ጭምብል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል እንደተጻፈ ነው። ፎንቱ ግን በዚያ ላቲን ፊት ላይ የግዕዝ ፊደል ይስላል። ጭምብሉ ካለ አማርኛ ታነባላችሁ። ጭምብሉ ከሌለ ላቲን፣ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍና ኮከብ የተደባለቀበት ጉድ ታያላችሁ።

ለወረቀት ይህ ከበቂ በላይ ነበር። ወረቀት «ፎንቱ አለህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ አንዴ ከታተመ ታተመ። ችግሩ የመጣው ጽሑፉ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው መሄድ ሲጀምር ነው። አንዱ ሶፍትዌር «ሀ»ን ባስቀመጠበት ወንበር ላይ ሌላው «ተ»ን አስቀምጦታል። ስለዚህ ደብዳቤ የምትልክለት ሰው አማርኛ ማወቁ ብቻ አይበቃም፤ የገዛኸውን ሶፍትዌር እሱም መግዛት ነበረበት።

ስሙ ሴራ፣ ሥራው ደግ

በ1990ዎቹ በውጭ ያለው ሐበሻ በኢሜይልና በዩዝኔት የውይይት ቡድኖች ሲገናኝ አማርኛን በላቲን ፊደል ይጽፍ ነበር። ሁሉም በየራሱ አጻጻፍ። «ጠጣ» እና «ተታ» አንድ መልክ ሲይዙ አስቡት። ያኔ ይትና ፍርድይወቅ እና ዳንኤል ያዕቆብ አንድ ሥርዓት አወጡ፤ ግዕዝን በአስኪ ለመወከል። የእንግሊዝኛ ስሙ በምህጻር ሲነበብ «ሴራ» ይሆናል። ምን ልበላችሁ፣ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም፤ ሥራው ግን ሴራ አልነበረበትም። ትንሹን የላቲን «ቲ» ስትጽፍ «ተ»፣ ትልቁን ስትጽፍ «ጠ»። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቋሚ አጻጻፍ፤ ሰውም ማሽንም ያለ ጥርጥር መልሶ ወደ ፊደል የሚቀይረው። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ በድምፅ አማርኛ የምትጽፉ ሰዎች ትልቁን «ቲ» ለ«ጠ» ስትነኩ ያንን ሐሳብ እየተጠቀማችሁ ነው።

አንድ ክረምት፣ ሁለት ልደት

1999ን አስታውሱልኝ። በነሐሴ ወር ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ፓይራ ላብስ የተባለ ትንሽ ድርጅት «ብሎገር» የተባለውን አገልግሎት ለሕዝብ ከፈተ። ከዚያ በፊት ድረ ገጽ ያለው ሰው ኮዱን ራሱ ይጽፋል፤ አዲስ ነገር ሲጨምር ፋይሉን ራሱ ይጭናል። ብሎገር ይህን ወደ አንድ ሳጥንና ወደ አንድ ቁልፍ አወረደው። ጻፍ፤ ተጫን፤ በቃ።

ወር ሳይሞላ፣ በመስከረም፣ የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ወጣ። ዩኒኮድ የዓለምን ፊደሎች በሙሉ በአንድ ሰሌዳ ለማስቀመጥ የተነሳ ሥራ ነው፤ የግዕዝ ፊደል የገባበት በዚያ እትም ነው። 345 ቦታ ተሰጠው። «ሀ» 4608 ሆነች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭምብል አያስፈልጋትም፤ በራሷ ቁጥር፣ በራሷ ስም ቆመች።

ሁለቱ ነገሮች በአንድ ክረምት መወለዳቸው አጋጣሚ ነው። ለእኛ ግን አንዱ ያለ ሌላው ዋጋ አልነበረውም። ቁጥር የሌለው ፊደል በዚያች ሳጥን ውስጥ ቢጻፍ ማንም አያነበውም፤ ቁጥር ያለው ፊደልም የሚጻፍበት ቀላል ቦታ ካላገኘ የባለሙያዎች ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር።

ደግሞ በማግስቱ ሁሉም ነገር አልተስተካከለም። ቁጥሩ ቢኖርም ኮምፒውተሩ ላይ ፎንት ከሌለ የሚታየው ባዶ ሳጥን ነው። ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ ለሕዝብ የቀረበው በ2007 ነው። እስከዚያ ድረስ አንባቢ እንደ አቢሲኒካ ያሉ ነጻ ፎንቶችን እየፈለገ ይጭን ነበር። እኔ ጦማር ስጀምር ከገጹ አናት ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት ርዕስ አልነበረም፤ «ፊደሉ ሳጥን ሆኖ ከታየዎት ይህን ፎንት ይጫኑ» የሚል መስመር ነው። ያኔ ይህች መስመር ያልነበረችበት የአማርኛ ገጽ ፈልጋችሁ አታገኙም ማለት ይቻላል። ለረጅም ጊዜ ጦማሬን የሚያነቡት ሰዎች ፎንት ለመጫን ትዕግሥት ያላቸው ሰዎች ብቻ ነበሩ።

መጦመር

«ጦማር» የሚለው ቃል አዲስ አይደለም፤ በግዕዝ ደብዳቤ ማለት ነው። ቃሉን ከመዝገበ ቃላት አውጥቶ ግስ ያደረገው የኛ ትውልድ ነው፤ ጦመረ፣ ይጦምራል፣ ጦማሪ።

በግንቦት 2006 የብሎግስፖት ገጾች ከኢትዮጵያ ውስጥ መከፈት አቆሙ። ያኔ ነው አር.ኤስ.ኤስ የሚባለው ነገር ጥቅሙ የታየው። አሠራሩ ቀላል ነው። ጦማሩ አዲስ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር አንድ አጭር ፋይል ያድሳል፤ የምግብ አከፋፋይ ዝርዝር በሉት። እንደ ጎግል ሪደር ያለ ማንበቢያ ያንን ፋይል በራሱ ሰርቨር አምጥቶ ያሳያል። የአንባቢው ኮምፒውተር የታገደውን አድራሻ አይነካውም፤ የሚነካው የማንበቢያውን አድራሻ ነው። በር ቢዘጋ ጎረቤት ተቀብሎ በአጥር ያቀብላል እንደማለት። ጎግል ሪደር በሐምሌ 2013 ተዘጋ፤ አር.ኤስ.ኤስ ግን እስከ ዛሬ አለ፤ ፖድካስት የምትሰሙትም በእሱ ነው።

ዞን ዘጠኝ የተባለው የጦማሪዎች ስብስብ በ2012 «ስለሚያገባን እንጦምራለን» ብሎ ተነሳ። ስሙ ከቃሊቲ የመጣ ነው፤ እስር ቤቱ ስምንት ዞን ነበረው፣ ዘጠነኛው ከግንቡ ውጪ ያለው አገር ነው ለማለት። በሚያዝያ 2014 ስድስት ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ ክሱ በጸረ ሽብር አዋጁ መጣ። እንደኔ ላለ የቴክኖሎጂ ወዳጅ ከክሱ ውስጥ አንድ ነገር አይረሳም፦ ከተነሱት ነገሮች መካከል «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» ነበረበት፤ ማንም ሰው ከኢንተርኔት የሚያገኘው፣ የይለፍ ቃልና ኢሜይል አጠባበቅ የሚያስተምር መመሪያ። በሐምሌ 2015 አምስቱ ተፈቱ፤ የቀሩት በጥቅምት ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ። እኛ በየቀኑ የምንጠቀምባቸው ዕቃዎች በክስ ወረቀት ላይ የቆጠራ ዝርዝር ሆነው ነበር።

አበበ ወይስ ደበበ?

አሁን ወደ ጠፋው ልምጣ። አጎቴ የእድገት በኅብረት ዘማች ነበር፤ ገጠር ሄዶ ለገበሬዎች ሀሁ አስተምሯል። በ1990ዎቹ አሜሪካ ሆኖ ያንን ጊዜ በአማርኛ ጻፈና በአንድ ነጻ አገልግሎት ላይ የራሱን ገጽ ከፈተ። አገልግሎቱ ከተዘጋ ቆይቷል። አጎቴም አርፏል። ልጁ አንድ ሲዲ ላከችልኝ፤ «አንተ ኮምፒውተር ትወዳለህ፣ እስቲ ክፈትልን» ብላ።

27 ፋይል። ስከፍተው ላቲን፣ ቅንፍ፣ ኮከብ። ጭምብሉ የለም። የተጠቀመበት ፎንት የትኛው እንደሆነ ቤተሰቡ ውስጥ የሚያስታውስ ሰው አልተገኘም። ያዳነኝ አንድ ወረቀት ነው፤ አክስቴ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አትማ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስቀምጣ ነበር። ወረቀቱን ከፋይሉ ጎን አስቀምጬ ፊደል በፊደል ሰንጠረዥ አወጣሁ፤ ይህ ምልክት «መ»፣ ይህ «ን»። ከዚያ ሰንጠረዡን የሚያነብ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩና ቀሪውን አስቀየርኩት። በየቅዳሜው እየሠራሁ ሦስት ወር ፈጀብኝ።

ሁሉም ግን አልተመለሰም። ፋይሎቹ በሆነ ጊዜ፣ ምናልባት በኢሜይል ሲተላለፉ፣ ከ128 በላይ ያለውን የወንበር ግማሽ በማያውቅ ሶፍትዌር ውስጥ አልፈዋል። እዚያ የነበሩት ፊደሎች በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆነዋል። ብዙውን ከአረፍተ ነገሩ መገመት ይቻላል። «?ት» የሚለው «ቤት» ይሁን «ሴት» ቀጥሎ ያለው ቃል ይነግራችኋል። ስም ግን አይገመትም። አጎቴ በሁለት ወር ማንበብ ስለጀመረ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፏል። የሰውዬው ስም «?በበ» ነው። አበበ ይሁን ደበበ አላውቅም። ሁለቱም የሚያስኬዱ ናቸው። በሰንጠረዤ መሠረት «አ»ም «ደ»ም ከጠፋው ግማሽ ውስጥ ናቸው። ጽሑፉን በዩኒኮድ መልሼ ሳወጣው ስሙን ከነጥያቄ ምልክቱ ተውኩት።

አጎቴ ብቻውን አይደለም። ዩኒኮድ እስኪለመድ ድረስ በአማርኛ የተጻፈው የድረ ገጽ ጽሑፍ ወይ በጭምብል ፎንት ነው ወይ እንደ ፎቶ ተለጥፎ ነው። የመፈለጊያ ሞተር በሁለቱም ውስጥ አማርኛ አያይም። አንዳንዱ ገጽ ኢንተርኔት አርካይቭ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል፤ ተቀምጧል እንጂ አይነበብም። ጽሑፉ አለ፣ ቁጥሩ ግን የሌላ ፊደል ቁጥር ነው።

ሥራው በ1999 እንዳላለቀም ልብ በሉ። በ2005 ለሰባት ቤት ጉራጌና ለብሊን የሚያስፈልጉ ፊደሎች ተጨመሩ፤ በ2010 ለጋሞ፣ ለጎፋ፣ ለዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ፤ በ2021 ደግሞ እንደገና ለጉራጌ። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥሩን እስኪያገኝ ድረስ የቋንቋው ተናጋሪ ያው የጭምብል ኑሮ ነው የሚኖረው። ቁጥር ባለንም ላይ ቢሆን ጣጣው አልቀረም፦ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት። አንዱን የፈለገ ሌላውን ላያገኝ ይችላል።

እቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ ሲዲ ወይም ፍሎፒ ካለ፣ አባታችሁ ወይም እናታችሁ በ1990ዎቹ የጻፉት ነገር ካለበት፣ በዚህ ሳምንት አውጡት። መጀመሪያ ፋይሉን እንዳለ ቅዱት፤ በምንም ሶፍትዌር ከፍታችሁ «ሴቭ» አታድርጉት። ፎንቱ አብሮ ካለ ከፋይሉ ጋር አስቀምጡት። የታተመ አንድ ገጽ ፈልጉ፤ አንድ ገጽ ብዙ ይከፍታል። ከዚያ ደግሞ ጸሐፊው በሕይወት ካለ አጠገቡ ተቀምጣችሁ አብራችሁ አንብቡ። የጥያቄ ምልክት ላይ ስትደርሱ ጠይቁት።